የተገለበጠው ጭምብል፦ ዕይታና ስሑት እምነት በስኪዞፍሬንያ ሕመም



ወደ ርእሴ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ። በእጄ የያዝሁት ከልጆች መጫወቻ ሱቅ የተገዛ ተራ የፕላስቲክ ጭምብል ነው። ከፊት ስታዩት አፍንጫው ወደ እናንተ ወጥቶ፣ ጉንጩ ሞልቶ ይታያል። አሁን ቀስ ብዬ አዞረዋለሁ። ጎኑ አለፈ፤ አሁን የምታዩት ውስጡን፣ ጎድጓዳውን ክፍል ነው። አፍንጫው ወዴት ነው የሚያመለክተው? [ከታዳሚው «ወደ እኛ» የሚል ድምፅ ተሰማ።] ወደ እናንተ አይደለም፤ ወደ እኔ ነው። ጣቴን ልከተትበት፤ ይኸው፣ ጉድጓድ ነው። ይህን ከነገርኋችሁ፣ ጣቴንም ካሳየኋችሁ በኋላ ደግሞ እንደ ገና ተመልከቱት። አሁንም ፊቱ ወደ እናንተ ወጥቶ ይታያችኋል። እኔ ይህን ጭምብል በክፍል ውስጥ ማዞር ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ዛሬም ያታልለኛል።

የዛሬው ንግግሬ ይህ ጭምብል ስለማያታልላቸው ሰዎች ነው።

ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም በ1908 ለሕመሙ የሰጠው የስዊዘርላንዱ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ነው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕመሙ በሕዝብ ዘንድ እንደሚነገረው «ሁለት ሰው መሆን» አይደለም። ከዋና ዋና ምልክቶቹ ሁለቱ ለዛሬው ርእሳችን ያስፈልጉናል። አንደኛው በሌለበት ማየት ወይም መስማት፣ ማለትም የቁም ቅዠት ነው። ሁለተኛው ማስረጃ የማያናውጠው፣ የሰውየው ማኅበረሰብም የማይጋራው የተሳሳተ ጽኑ እምነት ነው፤ ይህንን «ስሑት እምነት» እያልሁ እጠራዋለሁ። ጎረቤቶቼ ሊመርዙኝ ነው፣ በራድዮ ስለ እኔ ይወራል፣ ሐሳቤን ከጭንቅላቴ ያወጡብኛል የሚሉት የተለመዱ ምሳሌዎቹ ናቸው። ይዘቱ ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን ይለያያል፤ አንዱ መተት ያለውን ሌላው የስልክ ጠለፋ ይለዋል። ቅርጹ ግን በሚያስገርም ሁኔታ ይመሳሰላል።

አሁን ወደ ጭምብላችን እንመለስ። ስለምን ተታለልን?

በዓይናችን ሬቲና ላይ የሚያርፈው ምስል ጠፍጣፋ ነው። ጎድጓዳ ሆኖ ከታች የበራበት ፊትና ወደ ውጭ ወጥቶ ከላይ የበራበት ፊት በሬቲና ላይ ተመሳሳይ የብርሃንና የጥላ ንድፍ ሊጥሉ ይችላሉ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ብርሃኑ ራሱ አይናገርም። መምረጥ የአንጎል ሥራ ነው፤ አንጎል ደግሞ የሚመርጠው ከልምዱ ተነሥቶ ነው። ከተወለድን ጀምሮ ያየነው ፊት ሁሉ አፍንጫው ወደ ውጭ ነበርና ጎድጓዳ ፊት የሚለውን አማራጭ ሳያማክረን ይጥለዋል። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካይሮ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኢብን አል-ሃይሠም ከምናያቸው ነገሮች ብዙዎቹ በፍርድና በቀደመ ዕውቀት የሚሟሉ መሆናቸውን ስለ ብርሃንና ዕይታ በጻፈው መጽሐፍ አብራርቷል። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትስ ደግሞ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዕይታ «ሳናውቀው የምንደርስበት ድምዳሜ» ነው አለ።

የእኛ አገር ሰው ይህንኑ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብሎታል። ይህን ተረት በጥንቃቄ ብታዩት ሁለት ነገሮች አሉበት። አንዱ በመንገድ ላይ የተጋደመው ልጥ የሚልከው ደካማ፣ አሻሚ መረጃ ነው። ሁለተኛው የሰውየው የቀደመ ግምት ነው፤ ከዚህ በፊት እባብ አይቷል። ጊዜው ምሽት ከሆነ መረጃው የባሰ ይደክማል፣ ግምቱ የባሰ ይበረታል፤ ሰውየውም ይዘላል። በቀትር ቢሆን ኖሮ ልጡን ልጥ ብሎ ያልፈው ነበር። የዛሬ ዘመን የአንጎል ተመራማሪዎች፣ በተለይም የእንግሊዙ ካርል ፍሪስተንና እርሱን የተከተሉት፣ የአንጎልን ሥራ በአብዛኛው በዚህ መልክ ይገልጹታል፤ ከላይ ወደ ታች ግምት ይወርዳል፣ ከታች ወደ ላይ መረጃ ይወጣል፣ የምናየው ነገር በሁለቱ ሚዛን ይወሰናል።

ታዲያ ሚዛኑ ቢዛባስ?

በ2009 ዳናይ ዲማና ባልደረቦቿ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን 13 ሰዎችና 16 ጤነኞችን በኤም.አር.አይ. መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው የፊት ምስሎችን አሳዩአቸው። ከምስሎቹ ከፊሎቹ የተለመዱ፣ ከፊሎቹ የተገለበጡ ጎድጓዳ ፊቶች ነበሩ። ጤነኞቹ እናንተ እንደሆናችሁት ሆኑ፤ ጎድጓዳውን ሁሉ ትክክለኛ ፊት አሉት። ሕሙማኑ ግን ለዩት። የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ የሚላላኩበትን መንገድ ሲያሰሉ፣ በጤነኞቹ አንጎል ጎድጓዳ ፊት በታየ ጊዜ ከፍ ካሉት ክፍሎች ወደ ዕይታ ክፍሎች የሚወርደው ተጽዕኖ በረታ። በሕሙማኑ ዘንድ ይህ አልታየም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2005 ስቲቨን ዴኪንና ባልደረቦቹ በለንደን ተመሳሳይ ነገር በሌላ መንገድ አሳይተው ነበር። አንድ ግራጫ ዝንጉርጉር ክብ ይበልጥ ጎላ ባለ ዝንጉርጉር መደብ ላይ ሲቀመጥ ለአብዛኞቻችን የደበዘዘ ይመስለናል። በጥናቱ ከተካፈሉት 15 ሕሙማን 12ቱ የክቡን ትክክለኛ ጉልህነት ስኪዞፍሬንያ ከሌለባቸው 33 ሰዎች መካከል አንደኛ ከወጣው ሰው እንኳ በተሻለ ለይተዋል።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ለአፍታ እንዲቆሙ እፈልጋለሁ። በአእምሮ ሕመም ላይ ከሚደረጉ ምርምሮች እጅግ የሚበዙት ሕሙማኑ አንድን ተግባር ከጤነኞች ያነሰ እንደሚሠሩ የሚያሳዩ ናቸው። እንዲህ ዓይነቱን ውጤት ለመተርጎም ያስቸግራል፤ ያነሱት መመሪያው ስላልገባቸው፣ ትኩረት ስላጡ፣ መድኃኒቱ ስላደከማቸው ወይም መርማሪው ስላሰለቻቸው ሊሆን ይችላልና። ትኩረት በማጣት፣ በመድከም ወይም በመሰልቸት ግን ከጤነኛ የተሻለ ውጤት ማምጣት አይቻልም። የጭምብሉና የክቡ ጥናቶች ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ የተለየ አሠራር መኖሩን እንጂ አጠቃላይ ድካም መኖሩን አያመለክቱም።

ይህን ስል ግን አላጋንንም። በሌሎች ብዙ የዕይታ ማታለያዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ውጤታቸው እርስ በርስ ይጋጫል፤ በአንዳንዶቹ ሕሙማኑ ከጤነኛው አይለዩም፣ በአንዳንዶቹም የባሰ ይታለላሉ። ጎድጓዳው ጭምብል በካናቢስ ተጽዕኖ ሥር ያሉ ጤነኞችንም እምብዛም እንደማያታልል ታይቷል። ስለዚህ ጭምብሉ የስኪዞፍሬንያ መመርመሪያ አይደለም። ነገ ጠዋት አንድ ተማሪ ጭምብል ይዞ ዘመዱን ሊመረምር ቢነሣ የዛሬው ንግግሬ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

የዕይታው ለውጥ በማታለያዎች ብቻ የተወሰነም አይደለም። ሕሙማን በዓይናቸው የሚንቀሳቀስን ነገር ሲከተሉ እንቅስቃሴው እንደሚቆራረጥ ዲፈንዶርፍና ዶጅ የተባሉ አሜሪካውያን ገና በ1908 በፎቶግራፍ መዝግበዋል፤ ፊሊፕ ሆልዝማን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲመለስበት ይኸው ነገር ባልታመሙ የቅርብ ዘመዶቻቸውም ላይ ታየው። የተበታተኑ መስመሮችን አገጣጥሞ አንድ ቅርጽ አድርጎ ማየትም ይከብዳቸዋል። ዓይናቸው ታሟል ማለት አይደለም፤ ከዓይን በኋላ ያለው አደራጁ አሠራር ነው የተለወጠው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደርሰናል። ጭምብሉን በትክክል የሚያይ ሰው ስለምን ጎረቤቱ ሊመርዘው መሆኑን በስሕተት ያምናል? ከእኛ የተሻለ እያየ ከእኛ የባሰ የሚያምነው እንዴት ነው?

አንዱ መልስ የሚጀምረው ከእምነቱ ሳይሆን ከእምነቱ በፊት ካለው ጊዜ ነው። ካርል ያስፐርስ በ1913፣ ክላውስ ኮንራድ ደግሞ በ1958 በታተሙት ሥራዎቻቸው ሕመሙ ሲጀምር ያለውን የሚያስጨንቅ ድባብ ገልጸውታል። ዓለም ሳይለወጥ የተለወጠ ይመስላል፤ አንድ ነገር ሊሆን ነው፣ ምን እንደሆነ ግን አይታወቅም። አንድ ወጣት ጠዋት ታክሲ ሲሳፈር እናስብ። ረዳቱ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያለ ይጠራል፤ ከፊት የተቀመጠው ሰው ያስላል፤ ያው ቀይ መኪና ሁለት ጊዜ ያልፋል። እኛ እነዚህን ሁሉ አንሰማቸውም፣ አናያቸውም ማለት ይቻላል፤ አንጎላችን የሚጠበቁ ናቸው ብሎ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋቸዋል። የወጣቱ አንጎል ግን ዝቅ ማድረጉን ትቷል። ሳሉም፣ ጥሪውም፣ መኪናውም እኩል ጎልተው፣ እኩል «ይህን ልብ በል» እያሉ ይመጡበታል። ሺቲጅ ካፑር በ2003 ባሳተመው ጽሑፉ ይህን ከዶፓሚን ጋር አያይዞታል፤ ነገሮችን በትርጉም የሚያጎላው ይህ ንጥረ ነገር ያለ ቦታው ሲለቀቅ ተራው ነገር ሁሉ መልእክት ይመስላል። ሰው ደግሞ ትርጉም ሳያገኝ ብዙ መቆየት አይችልም። ከሳምንታት ጭንቀት በኋላ «እየተከታተሉኝ ነው» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ለእኛ የሕመም ምልክት የሆነው ለእርሱ የመጀመሪያው ዕረፍት ነው።

ይህ ማብራሪያ ያምራል፤ ነገር ግን ደካማ ጎን አለው። የጭምብሉ ጥናት የቀደመ ግምት ደክሟል ይላል። በ2015 ክሪስቶፍ ቶይፍልና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ግን ተቃራኒውን ይናገራል። ወደ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ብቻ የተለወጡ ፎቶግራፎችን አሳዩ፤ ዋናውን ፎቶግራፍ አስቀድሞ ያላየ ሰው በነጠብጣቡ ውስጥ ምንም አይለይም። ዋናውን ካሳዩ በኋላ የሳይኮሲስ ምልክት የጀመራቸው ሰዎች ከጤነኞቹ ይልቅ ተጠቀሙ፤ የቀደመው ዕውቀት በእነርሱ ዘንድ የበለጠ ሠራ። በ2017 ፓወርስ፣ ማቲስና ኮርሌት ደግሞ አንድን የዕይታ ምስል ከድምፅ ጋር ደጋግመው አቆራኝተው ካለማመዱ በኋላ ድምፁን ሲያስቀሩት፣ ድምፅ የመስማት ልምድ ያላቸው ሰዎች የሌለውን ድምፅ ከሌሎቹ ይልቅ ሰሙ። እዚህም የበረታው ግምት ነው።

ግምቱ ደክሟል ወይስ በርትቷል? የተለመደው ማስታረቂያ አንጎል ደረጃ ደረጃ አለው የሚል ነው። በታችኛው ደረጃ፣ ስለ ቅርጽና ስለ ጥላ ያሉት ግምቶች ይደክማሉ፤ ከታች የሚመጣው መረጃ ያልተገራ በመሆኑም በላይኛው ደረጃ፣ ስለ ሰዎችና ስለ ሐሳባቸው ያሉት ግምቶች ነገሩን ለመግታት ይጠነክራሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በባልደረቦቼ ፊት ጥርጣሬዬን አልደብቅም፤ ደካማም ጠንካራም ግምት ሲገኝ «ይህንንም አውቀን ነበር» የሚል ጽንሰ ሐሳብ በምን ዓይነት ውጤት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ሊነግረን ይገባል። እስካሁን በበቂ አልነገረንም።

ሁለተኛው ችግር የተዛባ ዕይታ ብቻውን ስሑት እምነት አለመሆኑ ነው። በ1923 ፈረንሳዊው ካፕግራ ከባልደረባው ጋር ያቀረበውን ሕመም አስቡ። ታማሚው ሚስቱን ያያል፤ መልኳ የእርሷ መሆኑን ያምናል፤ ነገር ግን «እርሷ አይደለችም፤ መስላ የመጣች ሌላ ሴት ናት» ይላል። በስኪዞፍሬንያም በአንጎል ጉዳትም ይከሰታል። በ1990ዎቹ ኤሊስና ያንግ ከሌሎች ጋር ሆነው እነዚህ ሕሙማን የሚያውቁትን ፊት ሲያዩ በእኛ ቆዳ ላይ የሚመዘገበው የስሜት ምላሽ በእነርሱ ዘንድ እንደማይመዘገብ አሳዩ። ፊቱ ታውቋል፣ ስሜቱ አልመጣም፤ «ሌላ ሰው ናት» የሚለው ድምዳሜ ከዚህ ክፍተት የሚወለድ ይመስላል። ብሬንዳን ማኸር ቀደም ሲል እንደተከራከረው፣ ስሑት እምነት ለእንግዳ ገጠመኝ የሚሰጥ የተለመደ ማብራሪያ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ የፊተኛው አንጎላቸው ክፍል ተጎድቶ ይኸው የቆዳ ምላሽ የጠፋባቸው ሌሎች ሰዎች አሉ፤ እነርሱ ሚስታቸው እንደተለወጠች አያምኑም። ክፍተቱ በሁለቱም ዘንድ አለ፤ እምነቱ በአንደኛው ብቻ። ስለዚህ ማክስ ኮልትሃርትና ተባባሪዎቹ ሁለተኛ ምክንያት ያስፈልጋል ይላሉ፤ እንግዳውን ሐሳብ መዝኖ የሚጥለው አሠራርም መታወክ አለበት። በዚህ ነጥብ እኔ ከእነርሱ ጋር ነኝ።

በዚህ አጋጣሚ ተማሪዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ላንሣ፤ «ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደ ሰው በስኪዞፍሬንያ አይያዝም ይባላል፤ እውነት ነው?» በ2018 የታተመ የምዕራብ አውስትራሊያ ጥናት ከ1980 እስከ 2001 የተወለዱ 467,945 ልጆችን ተከታትሏል፤ 1,870ዎቹ ስኪዞፍሬንያ ያዛቸው። ከአንጎል በመነጨ ምክንያት ዓይነ ስውር ከሆኑት 66 ልጆች ግን አንድም አልተያዘም። ዜናው በደስታ ተሠራጨ። እስቲ እናስላ፤ በጠቅላላው የተያዙት ከመቶ 0.4 ገደማ ናቸው። ከ66 ሰዎች ይህን ያህል ስንጠብቅ የሚመጣው ሩብ ሰው ገደማ ነው። ዜሮ ማግኘት አያስደንቅም። ሐሳቡ ሊመረመር የሚገባው ነው፤ ማስረጃው ግን ገና ቀጭን ነው።

አሁን ከጅምሩ ያለፍሁትን አንድ ልዩነት ላንሣ። እናንተ ጭምብሉን ወጥቶ አያችሁት፤ ጉድጓድ ነው ስላችሁ ግን አመናችሁኝ። ዓይናችሁ አልታረመም፣ እምነታችሁ ታረመ። በስሑት እምነት ላይ የጠፋው ይህ መለያየት ነው፤ የታየውን «እንዲህ ይመስለኛል፣ ግን አይደለም» ብሎ ወደ ጎን ማድረግ አይቻልም። ይህን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። በተግባር የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

ማስተማር በጀመርሁ በጥቂት ዓመቴ አንድ ጎበዝ ተማሪ ከክፍል በኋላ ወደ ቢሮዬ መጣ። በትሕትና ቆሞ «መምህር፣ መልእክትዎ ደርሶኛል፤ ግን ለምን በሰው ፊት ላኩብኝ?» አለኝ። በሰሌዳው ላይ አንድን ሥዕል በቀይ ጠመኔ ማስመሬ ለእርሱ የተላከ ማስጠንቀቂያ ነበር። እኔም ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ነበርና ተከራከርሁት። ነጩ ስላለቀብኝ ቀዩን እንዳነሣሁ ነገርሁት። ማስረጃ ይሁነው ብዬ የጠመኔውን ካርቶን ከፍቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየውና «ታዲያ ቀዩ አንድ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?» አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል በዚህ መልክ ተነጋገርን። ባቀረብሁለት ማስረጃ ሁሉ ላይ አንድ ጡብ ጨምሮ ሄደ። በማግስቱ ክፍል አልገባም፤ በሳምንቱ ቤተሰቦቹ መጥተው ወደ አገር ቤት ወሰዱት፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ለእርሱ የተከራከረው መምህር ምን ይመስል እንደነበር ሳስብ እስከ ዛሬ እቀጣለሁ። ፈርቶ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እንቅልፍ ካጣ ስንት ቀን እንደሆነው አልጠየቅሁትም። ሐኪም ዘንድ አብሬህ ልሂድ አላልሁትም።

እንዲህ ያለው ወጣት በአገራችን ጥቂት አይደለም። ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራና አካባቢው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት መርምረው በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በዕድሜው ዘመን ስኪዞፍሬንያ የያዘው ሰው ከ1,000 ሰዎች 4.7 መሆኑን አግኝተዋል። ከሕሙማኑ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ቤተሰብ ጸበል መውሰዱን እኔ አልነቅፍም፤ ጸበልና መድኃኒት ጎን ለጎን ሲሄዱ አይቻለሁ። የምነቅፈው ሰንሰለቱን ነው፤ ደግሞም መድኃኒቱን «እምነት ማጉደል ነው» ብሎ ማስጣልን።

መድኃኒቱም ምን እንደሚሠራ በትክክል ማወቅ ይጠቅማል። ከ1952ቱ ክሎርፕሮማዚን ጀምሮ ያሉት መድኃኒቶች በአብዛኛው የዶፓሚንን መቀበያ ይዘጋሉ። እምነቱን ከሰውየው ጭንቅላት ነቅለው አያወጡትም። የሚያደርጉት ነገሮች ያለ ልክ መጉላታቸውን መቀነስ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሕሙማን ከሳምንታት ሕክምና በኋላ «ሐሳቡ አለ፤ ግን እንደ በፊቱ አያስጨንቀኝም» የሚሉት። እምነቱ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም በከፊል ብቻ ይደበዝዛል። ዘመዱ በሁለተኛው ሳምንት «አሁንም ያንኑ ይላል፤ መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ሲያቋርጥበት የሚጠፋው ብዙ ነው። በዚያ ጊዜ ከአጠገቡ ያለው ሰው እምነቱን እውነት ነው ማለት የለበትም፤ ውሸት ነው ብሎ መፋለምም የለበትም። «እኔ እንደዚያ አላየሁትም፤ አንተ ግን እንደ ፈራህ ይታየኛል» ማለት ይቻላል፤ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ክኒኑን መጠየቅ ይቻላል።

ሰዓቴ አልቋል፤ ለጥያቄ ሃያ ደቂቃ ያህል አለን። ጭምብሉን ጠረጴዛው ላይ አቁሜዋለሁ። ቀርባችሁ ማየት የምትፈልጉ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ያን ጊዜ በደንብ ይወጣላችኋል። እሺ፣ ከኋላ እጃችሁን ያወጣችሁት፤ ከእናንተ እንጀምር።